የዘይት ቆርቆሮ አሸንዳ

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ነገሌ ላይ ዝናብ ጣለ። ይህ ወሬ ለሌላ አገር ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። እዚህ ግን በዓመት ሁለቴ የሚጠበቀው ዝናብ አምስት ወቅት ጠብ ሳይል አልፎ፣ ከብቱ በየሜዳው አልቆ፣ ውሃ በቦቴ እየመጣ በጀሪካን ሲታደል ከተከረመ በኋላ የመጣ ዝናብ ነው። ሱቅ የነበረው ከሱቁ፣ ቢሮ የነበረው ከቢሮው ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን የላጨውን ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ አስፋልት ላይ ቆመ፤ ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ተከተለው። አሮጊቶች መዳፋቸውን ዘርግተው አለቀሱ። ባጃጆች ያለ ምክንያት ጥሩምባቸውን ነፉ።

በዚያ ሁሉ ግርግር ከሱቁ ያልወጣ አንድ ሰው ቢኖር ቆርቆሮ ሠሪው ባስልዮስ ነው። መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ዝናቡ የሱቁን ጣሪያ ሲደበድብ እየሰማ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይህ ዝናብ እንዲመጣ ከሰው ጋር ሲጸልይ ኖሯል። አሁን ሲመጣ ግን የት ልግባ አሰኘው።

ባስልዮስን ሰነፍ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። ሰነፍ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ጠዋት ከሰው ቀድሞ ሱቁን የሚከፍት፣ የበር ላሜራ በሉት ምድጃ፣ የውሃ በርሜል በሉት የጣሪያ ክዳን፣ እጁ ያልገባበት ነገር የሌለ ሰው ነው። አባቱ በወታደርነት ከጎጃም መጥቶ ነገሌ ቀረ፤ እሱም እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሸብቶ አርባ ስድስት ዓመት ሞላው። ሥራ አይጠላም። የሚጠላው መጀመርን ነው። "ነገ ና" ይላል። ነገ ሲመጡ "ከነገ ወዲያ ብታደርገው አሳምሬ እሠራልሃለሁ" ይላል። ሲሠራም እውነትም አሳምሮ ስለሚሠራ ሰው ይረግመዋል እንጂ አይተወውም።

ጎሊቻ የሚባል ቦረና የሚያፈስ በርሜል ሊያስደፍን ሰጥቶት ሦስት ሳምንት ከተመላለሰ በኋላ "ቦሩ" የሚል ስም አወጣለት። ቦሩ በኦሮምኛ ነገ ማለት ነው። ስሙ በሁለት ቀን ውስጥ ገበያውን አዳረሰ። በርሜሉ ግን እስካሁን ሱቁ ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጎሊቻ ከአሬሮ በኩል የመጣ ነው። ሠላሳ ሁለት ከብት ነበረው፤ የቀረችው አንዲት ላም ናት። ከነልጆቹ በከተማው ዳር፣ ከኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ግርጌ፣ እንደሱ ከብታቸው ካለቀባቸው ሌሎች ቤተሰቦች ጋር በሸራ ድንኳን ሰፍሯል።

ያን ቀን ባስልዮስን ያሳፈረው ግን በርሜሉ አልነበረም። ስለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር 2012 የስምንት ዓመት ልጁ ረሆቦት ማጅራት ገትር ይዟት ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ "እናያለን" ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ባስልዮስ ወጥቶ የሆስፒታሉን አጥር ያዘ። ከዚያ ላይ ኮረብታው፣ ኮረብታው ላይም የኪዳነ ምሕረት ጣሪያ ይታያል። በዚያው ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ማኅበር አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ ለቤተ ክርስቲያኗ አምጥቶ ነበር። ሮቶው ከጣሪያው ጥግ ተተክሏል፤ የጣሪያውን ውሃ ሰብስቦ የሚያወርድለት አሸንዳ ግን አልነበረም። ባስልዮስ ያን ባዶ ሮቶ እያየ፣ "ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ከልጅሽ ለምነሽ መልሺልኝ። አሸንዳሽን ነገውኑ እሠራልሻለሁ" አለ። ሚስቱ ሀይማኖት ከኋላው ቆማ ሰማችው። በማግስቱ ረሆቦት ዓይኗን ገለጠችና ውሃ ጠየቀች።

አሸንዳው ግን ሦስት ዓመት ከሁለት ወር አለፈው። ስለት፣ እንደምታውቁት፣ በንግሥ ቀን ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ስለቱ ጥላውን ወይም መጋረጃውን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፣ እንዲህ ተስዬ እንዲህ ተደረገልኝ ይላል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ባስልዮስም የሚያብረቀርቅ ነጭ አሸንዳ በትከሻው ተሸክሞ፣ ረሆቦትን በእጁ ይዞ፣ በሕዝቡ መሀል ሲያልፍ ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቶታል። ንግሡ በየዓመቱ የካቲት አሥራ ስድስት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ንግሡ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ስለነበር ጥድፊያው ሥራውን ያበላሸዋል ብሎ አሳለፈው። በሁለተኛው ሻኪሶ፣ ወርቅ ማውጫው አካባቢ፣ የጣሪያ ሥራ አገኘና ቀኑ እዚያው አለፈበት። በሦስተኛው ድርቁ ጠና። "ያለ ዝናብ አሸንዳ ምን ያደርጋል?" አለ፤ አገሩ ሁሉ ተጨንቆ ስለነበር የሞገተው የለም። ዘንድሮ ደግሞ ንግሡ ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ከበሮ በማይመታበት ንግሥ ስለት ማስገባት ልቡ አልፈቀደም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የንስሐው ነገር ነው። ስለት ማዘግየት ኃጢአት መሆኑን ከሕፃንነቱ ያውቃል። ስለዚህ ከንስሐ አባቱ ከአባ ኃይለመስቀል መሸሽ ጀመረ። በአንድ መንገድ ሲመጡ ካየ በሌላው ይታጠፋል። "ስለቱን ሳላስገባ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" ይላል። ስለቱን ሲያስብ ደግሞ፣ "ንስሐ ሳልገባ በምን እጄ የቤተ ክርስቲያን ሥራ እነካለሁ?" ይላል። እንዲህ አንዱን በአንዱ እያሳበበ፣ ጾሙን ሳያጎድል፣ ቅዳሴ ሳይቀር፣ ሁለቱንም ሳያደርግ ኖረ።

ዝናቡ ሩብ ሰዓት ያህል እንደወረደ ባስልዮስ መቀመጥ አቃተው። ላስቲክ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ባጃጅ ያዘና ወደ ኮረብታው ወጣ። ለምን እንደሚሄድ ቢጠይቁት መልስ የለውም። ውሃው ቀይ አፈር ጠርጎ በመንገዱ ቁልቁል ይመጣል፤ ባጃጁ ሽቅብ ይንተፋተፋል።

በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ የሚኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተሐና፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ውሃ የሚይዝ የተባለ ዕቃቸውን ሁሉ አውጥተው በተርታ ደርድረዋል፤ ሳፋ፣ ድስት፣ ጆግ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ የድስቱን ክዳን ሳይቀር ገልብጠው አስቀምጠውታል። ውሃው በጣሪያው ርዝመት ሁሉ እየወረደ ከዕቃዎቹ መሀል መሬት ይመታል፤ ቦይ ሠርቶም ወደ ገደሉ ይሄዳል። ጥቁሩ ሮቶ አጠገባቸው ቆሟል። ክዳኑ ላይ ዝናቡ ሲያርፍ እንደ ባዶ ከበሮ ይጮሃል።

"እንደምን ዋሉ፣ እማሆይ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ና፣ ያን ሳፋ ሳብልኝ፤ ሞልቷል።"

ባስልዮስ ሳፋውን ስቦ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠው። ተመልሶ ድስቱን አነሣ። ማንም ሳይጠይቀው አፉ ተከፈተ።

"አሸንዳውን እኮ ለንግሡ ብዬ ነው..."

"ለየትኛው ንግሥ?" አሉ እማሆይ።

ባስልዮስ የያዘውን ድስት ገለበጠ። እማሆይ ማንቆርቆሪያውን ወደ ጀሪካኑ እየገለበጡ፣ "ስለቱን የተሳልከው ለእመቤታችን ነው ወይስ ለንግሡ ሰው?" አሉት።

"ለእመቤታችን ነው እንጂ።"

"እሷ ታዲያ እዚሁ ናት። ዓመቱን ሙሉ።" ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። "እኔስ ግድ የለኝም፣ ልጄ። ከቦቴው በቀን ሁለት ጊዜ በአምስት ሊትር ጀሪካን ማውጣቱን ለምጄዋለሁ። ታች ድንኳን ውስጥ ያሉት ግን ልጆች አሏቸው፤ ማታ ማታ እዚህ ድረስ መጥተው በጣሳ ይለምኑኛል። የምሰጠው ያጣሁበት ቀን ብዙ ነው።" ከዚያ በአገጫቸው ወደ ገደሉ የሚወርደውን ጎርፍ አመለከቱት። "ያ የሚሄደው ስለትህ ነው። እያየኸው ነው የሚሄደው።"

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ባስልዮስ በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። ዝናቡ እስኪያባራ ዕቃ ሲገለብጥ ቆየና በእግሩ ቤቱ ገባ።

አሁን ይህ ሰው ተለወጠ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተለወጠም። ልብሱን ቀይሮ ገና ከመቀመጡ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቅዳሜ መጋቢት አሥራ ስድስት ነው፤ የወሩ ኪዳነ ምሕረት። ለዚያ አደርሰዋለሁ። ካልሆነም ጾሙ ሲፈታ፣ በሚያዝያው።"

ሀይማኖት ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም።

"ሆስፒታሉ አጥር ጋ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"‘ነገውኑ’ ነው ያልከው። በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ልጅቷ በማግስቱ ውሃ ጠየቀች። እመቤታችን ለጾም መፍቻ አልቀጠረችህም፣ ባስልዮስ።"

ረሆቦት በሚቀጥለው ክፍል ጮክ ብላ ታነባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ስለ ስለቱ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ አባትየው ሲያስገባ ሊነግራት አስቦ ነበር። ባስልዮስ የልጁን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ።

ማታ ለጸሎት ሲቆም የለመደው ረጅም ጸሎት አልመጣለትም። "ጌታ ሆይ" አለ፣ "መጨረሱን አውቅበታለሁ። ማስጀመሩን አንተ አስጀምረኝ።" ይህንኑ ደጋግሞ ተኛ።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ቀድሪያ ዘንድ ሄደ። ቀድሪያ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ናት፤ ባስልዮስ ለስለቱ ብሎ የመረጣቸውን ስድስት ነጭ ላሜራዎች ሁለት ዓመት ሙሉ በሱቋ ጓሮ አቆይታለታለች። ያን ጠዋት በሯ በሰው ተጨናንቋል። ዝናቡን ሲያይ ከተማው ሁሉ አሸንዳ ትዝ ብሎታል።

"ቀድሪያ፣ እንደምን አደርሽ? ላሜራዎቼን ልወስድ ነው።"

"የትኞቹን?"

"ስድስቱን ነዋ። ጓሮ ያሉትን።"

ቀድሪያ የያዘችውን ሜትር አስቀመጠች። "እነሱማ ትናንት ወጡ።"

"ለማን?"

"ለመስጊድ። ዝናቡ እየወረደ ኡስታዙ ራሳቸው በስብሰው መጡ። ለመቼ ነው ስላቸው ለአሁን ነው አሉኝ። አንተን ሁለት ዓመት ለመቼ ነው ስልህ ምን ነበር የምትመልስልኝ?"

ባስልዮስ ምን እንደሚመልስላት ያውቃል።

ቀድሪያ ልቧ አዘነለት። "ወላሂ አልተናደድኩብህም። ከፈለግህ ከሐዋሳ አስመጣልሃለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ፣ ከዚያኛው የበለጠ ነጭ።"

አሥር ቀን። ባስልዮስ ሰበብ ሲፈልግ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰበብ ግን አጋጥሞት አያውቅም። ውሸት የለበትም፣ የእሱም ጥፋት አይመስልም፣ ዕቃውም ይበልጥ ያምራል። "እሺ" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ወጥቷል። በዚህ መሀል በቀድሪያ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጓሮውን አየ። ላሜራዎቹ በቆሙበት ቦታ የዘይት ቆርቆሮ እስከ ወገብ ተከምሯል። የእርዳታ ዘይት ያለቀባቸው ሰዎች የጣሏቸው ባለ አራት ሊትር ጣሳዎች ናቸው፤ እህል መስፈሪያ ለሚፈልጉ ሴቶች ታስቀምጣቸዋለች።

"እነዚያን ስጪኝ" አለ።

"የዘይት ቆርቆሮ? ለቤተ ክርስቲያን?" ቀድሪያ ሳቀች። "ጽሑፉ እንኳ አይለቅም እኮ።"

"አይልቀቅ። ስጪኝ።"

ሃያ አራት ጣሳ በማዳበሪያ ጆንያ አሸክሞ ሱቁ ገባና ያንኑ ሰዓት መቀሱን አነሣ። ክዳንና መቀመጫቸውን ቆርጦ፣ ጎናቸውን ሰንጥቆ፣ በሙቅ ውሃና በአመድ ፈትጎ አጠባቸው። ከዚያ በመዶሻ ዘረጋቸው። አንዱን ከአንዱ ጫፍ ለጫፍ አጥፎ ይቆልፋል፣ መጋጠሚያውን በእርሳስ ይበይዳል፣ መሀሉን እንጨት ላይ እየመታ ያጎደጉዳል። ቀይና ሰማያዊ ፊደል የተዘበራረቀበት አስቀያሚ ነገር ነው። እጁ ለማሳመር በፈለገ ቁጥር ተቆጣው። እንዲህ የሚያሳፍር ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ እንዲህ የተጣደፈበትም ሥራ የለም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጎሊቻ እንደ ልማዱ መጣ።

"አካም ቦሩ? ናጋ?"

"ናጋ፣ ጎሊቻ። ግባ።"

"በርሜሌ ቦሩ ነው?" አለ ጎሊቻ፣ የሚሰማውን አስቀድሞ እያወቀ።

ባስልዮስ የያዘውን አስቀምጦ በርሜሉን ወደ ብርሃን አንከባለለ። ቀዳዳውን ጠረገ፣ ቁራጭ ላሜራ ለጠፈበት፣ በየደው፣ ውሃ አፍስሶ አሳየው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየው ሥራ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው። ሁለቱም ይህን አስተዋሉ።

ጎሊቻ በርሜሉን ይዞ እንደ መሄድ ተቀመጠበት። "ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ ለማን ነው?"

"ለኪዳነ ምሕረት። ልጄ ታማ የተሳልኩት ነው። አሸንዳ።"

"ውሃው ለማን ነው?"

"ለሁሉም። ለእናንተም።"

ጎሊቻ በሩ ላይ ወጥቶ ሰማዩን አየና ተመለሰ። "ሮባው ነገ ይመጣል። ነፋሱ ዞሯል" አለ፤ ዝናቡን ማለቱ ነው።

"ነገ? ዓርብ ቢሆን ምናለ፤ ነገ እኮ ገና እሰቅላለሁ።"

"ሮባን እኔ አላዘውም" አለ ጎሊቻ። "መሰላል ማን ይይዝልሃል?"

"ማንም።"

"እኔ እይዛለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት አሸንዳውን በአራት ከፍለው በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስረው ወጡ። መጋቢት አሥራ አራት ነው፤ ንግሥ የለ፣ ሕዝብ የለ። ዕለቱ ቅዳሴ ስለሌለበት እማሆይ ብቻቸውን ግቢውን ይጠርጋሉ። አሸንዳውን ሲያዩት መጥረጊያቸውን አቁመው ፊደሉን ትንሽ ለማንበብ ሞከሩ። "ይሁን" አሉና መጥረግ ቀጠሉ። ባስልዮስ ጾሙን እንደሆነ መሰላሉ ላይ ወጣ። ጎሊቻ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ከታች ያዘ።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሦስቱን ክፍል ሰቀለ። አራተኛውና የመጨረሻው፣ ውሃውን ወደ ሮቶው አፍ የሚያደርሰው ነበር። ያን አንሥቶ ሲያጋጥም ማንጠልጠያ ብረት ሁለት ጎደለው። በጥድፊያ ሲቆርጥ ስቶ ቆጥሯል። ሱቁ ድረስ ወርዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በሽቦ አሰረውና ለመውረድ አንድ እግሩን ዝቅ ሲያደርግ የመጀመሪያው ጠብታ እጁ ላይ አረፈ።

ከሰኞው ይበልጥ ከበደ። ውሃው በጣሪያው ተንደርድሮ አሸንዳው ውስጥ ገባ፣ በሦስቱ ክፍል በደንብ ሄደ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ሽቦው ክብደቱን አልቻለም። አሸንዳው ጎበጠ። ውሃው ከሮቶው አፍ አንድ ስንዝር ወዲህ መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ። አንድ ስንዝር ብቻ ነው የቀረው።

ባስልዮስ ተመልሶ ወጣ። ትከሻውን ከአሸንዳው ሥር አስገብቶ በሁለት እጁ ቀና አደረገው። ውሃው ተወዛወዘ፣ ተመለሰ፣ ሮቶው ውስጥ ገባ። ባዶው ሮቶ ጮኸ።

ታች ያሉት የድንኳን ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ሽቅብ መምጣት ጀመሩ። የጎሊቻ ሚስት ልጆቿን ከጣሪያው ሥር አስጠጋች። ጎሊቻ አንድ እጁን ከመሰላሉ ሳያነሣ በሌላው የሮቶውን ሆድ በጣቱ አንጓ ይመታል፤ ከሚያስተጋባው ድምፅ ውሃው የት እንደደረሰ ይሰማል።

"ቁርጭምጭሚት" አለ ወደ ላይ።

በባስልዮስ እጅጌ የገባው ውሃ በብብቱ ወርዶ በሱሪው ይወጣል። የአሸንዳው ጠርዝ መዳፉን ቆረጠው፤ ደሙን ውሃው ወዲያው ያጥበዋል።

"ጉልበት" አለ ጎሊቻ።

እማሆይ ወለተሐና ከመሰላሉ ሥር መጡ። ያረጀ ፊታቸው በጭንቀት ተጨማዷል። "ልጄ፣ ውረድ። ትወድቅብኛለህ። የገባው ይበቃል፣ ነገ ታስተካክለዋለህ።"

ባስልዮስ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ለቅሶ ነበረበት።

"ነገዬን በልቼ ጨርሻለሁ፣ እማሆይ።"

እማሆይ መሰላሉን በሌላኛው በኩል ያዙና ከንፈራቸው ለጸሎት መንቀሳቀስ ጀመረ። ባስልዮስ ዓይኑን ጨፈነ። ሐሳቡ ውስጥ እልልታ አልነበረም፤ በሕዝብ መሀል የሚያልፍ ሰውም አልነበረም። ረሆቦት አልጋ ላይ ሆና ውሃ ስትጠይቅ ብቻ ነው የታየው። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ለማንሣት ቀን አልቀጠረም፤ ሮጦ ነው ያመጣላት።

ዝናቡ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወርዶ አባራ። ሮቶው መጮኹን ከተወ ቆይቷል። ጎሊቻ ለመጨረሻ ጊዜ አንኳኳና ጆሮውን ለጠፈ።

"ወገብ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየው። "ባስልዮስ፣ በቃ ውረድ። ወገብ ደርሷል።"

በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ባስልዮስ እጁ አልዘረጋ ብሎት በክርኑ ተደግፎ ወረደ። እማሆይ ቧንቧውን ከፍተው በብርጭቆ ቀዱ፣ አማተቡ፣ ቀመሱ።

"ትንሽ ዘይት ዘይት ይላል" አሉ።

"ጣሳዎቹን በአመድ አጥቤያቸው ነበር..."

"ግድ የለም። የጾም ዘይት ነው" አሉና ብርጭቆውን ለጎሊቻ ሚስት አቀበሉ።

ባስልዮስ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ቤቱ ገባ። ረሆቦት ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ጠርሙሱን ፊቷ አስቀምጦ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ውሃው ከላዩ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም ነገራት። ስለ አጥሩ፣ ስላለው ቃል፣ ስላለፉት አራት ንግሦች። ምንም አላሳመረም። ሀይማኖት በሩን ተደግፋ ትሰማለች።

ረሆቦት ጠጣች። አፏን በእጇ ጠረገችና አሰበች።

"እኔ በማግስቱ ነው የተሻለኝ?"

"በማግስቱ።"

"አንተስ መቼ ሠራኸው?"

"ዛሬ" አለ ባስልዮስ።

ልጅቷ ለምን አላለችውም። ቢጠይቁት መመለስ የማይችለው ያን ጥያቄ ነበር። የተቆረጠ መዳፉን አይታ ጠርሙሱን ወደሱ ገፋችለት። ጠጣና ስልኩን ከእርጥብ ኪሱ አወጣ።

"አባ ኃይለመስቀል? ባስልዮስ ነኝ፤ ቆርቆሮ ሠሪው። አዎ፣ ጠፍቼ ነበር። ቤት ነዎት?" ጥቂት አዳመጠ። ቄሱ መሽቷል፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና ብለውታል። "አይ፣ አባ። ደጅዎ ላይ ቆሜም ቢሆን እጠብቃለሁ። አሁን ነው የምመጣው።"

ሀይማኖት ደረቅ ሸሚዝ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ የግቢው በር ከኋላው ተዘግቷል።